የጋሼ ማንደፍሮ ፊርማ

በፈረንጆች 1996 ዓመት ማርች ሁለት ቀን ቅዳሜ ዋለ። እኔ ደምሴ በዚያን ጊዜ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሊያንድሮ ከተማ ተከራይቼ የምኖር፣ ዳውንታውን ኦክላንድ አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ የምሠራ ወንደላጤ ነበርኩ። ልብሴን ላጥብ ወደ ሰፈራችን ሎንድሪ ስገባ ጎረቤቴ ጋሼ ማንደፍሮ ከትልቋ ልጃቸው ከኢየሩስ ጋር አንሶላ ሲያጣጥፉ አገኘኋቸው። የቤታቸው ማጠቢያ መኪና ተበላሽቶባቸው ኖሯል።

ጋሼ ማንደፍሮ ኦክላንድ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሚሠሩ፣ በሱዳን በኩል የመጡ፣ አንዴ ያሉትን የማይለውጡ ሰው ናቸው። አባትና ልጅ የአንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘው ይጎትታሉ እንጂ አይነጋገሩም። የልጅቷ ዓይን ቀልቷል።

«ምነው ኢየሩስ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አልኳት።

«ዛሬ ዴድላይኑ፣ የመጨረሻው ቀን ነው» አለች። «የፋይናንሻል ኤይዱ ፎርም፣ የኮሌጅ ክፍያ እርዳታ መጠየቂያው። አባዬ ሳይን አላደርግም አለ።»

ጋሼ ማንደፍሮ አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት። «ፍረደኝ ደምሴ! ሳን ሆዜ ያለው ኮሌጅ ተቀበለኝ አለች፤ ደስ አለኝ፣ አምላኬን አመሰገንኩ። በማግስቱ ፎርም ይዛ መጣች። ደመወዝህን ጻፍ፣ የሚስትህን ጻፍ፣ ባንክ ያለህን ጻፍ ይላል። ሰው ጓዳውን ለመንግሥት ከፍቶ ያሳያል?»

ይህን ጊዜ ከወዲያኛው ማድረቂያ ፊት የነበረች ወጣት ዞር አለች። ነጃት ትባላለች። እዚያው ሳን ሆዜ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ በትርፍ ሰዓቷ በኮሌጁ የተማሪዎች እርዳታ ቢሮ ትሠራለች። ቅዳሜና እሑድ አክስቷን ለመጠየቅ ወደ ሰፈራችን ትመጣ ነበርና ከሁላችንም ጋር ትተዋወቃለች።

«ይቅርታ ጋሼ ማንደፍሮ፣ በሰው ጨዋታ መግባቴ ነው» አለች ጎንበስ ብላ እጅ እየነሳች። «ግን ቀኑ ዛሬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሚፈሩት ምንድን ነው?»

«የምፈራውንማ አይቼዋለሁ ልጄ። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። አዲስ አበባ ላይ በጭነት መኪና ሹፌርነት ለፍቼ ሁለት ቤት ሠራሁ። በ67 ዓመተ ምሕረት ያላችሁን አስመዝግቡ ተባልን። ቀርቤ በገዛ እጄ ፈረምኩ። ትርፍ ቤት ነው ብለው አንዱን ወሰዱት። እዚህ ደግሞ አንዲት ቤት ገዝቼ የሃያ ምናምን ዓመት የባንክ ዕዳዋን እየከፈልኩ ነው። እሷን ደግሞ ፈርሜ ልስጣቸው?»

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጉዳዩ የሽማግሌ ግትርነት ብቻ መስሎኝ ነበር። አንድን ነገር የማይቀበሉ ታላላቆቻችንን አላወቁም ብለን ከመፍረዳችን በፊት ምን እንዳዩ ብንጠይቃቸው ብዙ ክርክር ይቀለን ነበር።

ነጃት አልሳቀችም፣ አልተቻኮለችምም። ኢየሩስን ፎርሙን አስወጥታ በእጃቸው ሰጠቻቸው። «ጋሼ፣ እባክዎ የሚኖሩበትን ቤት የሚጠይቅ መስመር ካለ ፈልገው ያሳዩኝ።»

መነጽራቸውን አውጥተው ገጹን በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። ያልገባቸውን ኢየሩስ ትተረጉምላቸዋለች። እስከ መጨረሻው ሄደው ተመለሱ።

«የለም» አሉ ቀስ ብለው።

«ድሮ ይጠይቅ ነበር፤ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ቀርቷል። አንዳንድ የግል ኮሌጆች በራሳቸው ፎርም ይጠይቃሉ፤ እነሱም ለማስላት ነው እንጂ ማንም ቤት የሚወስድ የለም። ለጡረታ ያጠራቀሙትም እዚህ አይቆጠርም።»

«ታዲያ ደመወዜ ምን ያደርግላቸዋል?»

«እናንተ ምን ያህል መክፈል እንደምትችሉ ለማወቅ ነዋ! የባልና ሚስቱን ገቢ ያያሉ። ከዚያ ላይ የከፈላችሁትን ታክስ ይቀንሳሉ። ቀጥሎ በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል ብለው ለኑሮ የሚያስፈልገውን ይቀንሳሉ። ከተረፈው ላይ፣ ያውም ከፊሉን ብቻ፣ ቤተሰቡ ሊያዋጣ ይችላል ይላሉ። የኮሌጁ የዓመት ወጪ ከነመጽሐፉ፣ ከነመኝታውና ከነምግቡ ይደመርና የእናንተ መዋጮ ይቀነስለታል። የሚቀረው የእናንተ ጉድለት ነው። እርዳታው የሚለካው በዚያ ነው። የሁለት ቤተሰብ ገቢ እኩል ሆኖ የአንዱ ቤት ብዙ ሰው ካለበት፣ ያ የበለጠ ያገኛል።»

«የሙሉመቤት እናትም ከእኛው ጋር ናቸው» አሉ ጋሼ ማንደፍሮ ሳያስቡት። ወይዘሮ ሙሉመቤት ባለቤታቸው ናቸው።

«የሚያስተዳድሯቸው እናንተ ከሆናችሁ አማትዎም ይቆጠራሉ!»

«አማቴ? አማቴ ለኮሌጅ ይጠቅማሉ?» ድንገት ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «ቢሆንም እርዳታ እርዳታ ነው። እኔ እጄን ለልመና ዘርግቼ አላውቅም።»

«ከደመወዝዎ ላይ ታክስ አይቆረጥም ጋሼ?»

«ይቆረጣል? ይላጨኛል እንጂ!»

«እንግዲያው ትልቁ እርዳታ የሚወጣው እርስዎና እርስዎን የመሰለው ሁሉ ካዋጣው ነው። ሲከፍሉ ያላፈሩበትን ልጅዎ ስትማርበት ለምን ያፍራሉ? ደግሞ ሁሉም ስጦታ አይደለም። ከፊሉ የማይመለስ ነው፣ ከፊሉን ራሷ እየሠራች ታገኘዋለች፣ ብድርም ሊያቀርቡላችሁ ይችላሉ። ብድሩን ካልፈለጋችሁ አንቀበልም ማለት ትችላላችሁ።»

ጋሼ ማንደፍሮ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ፣ ባንክ ምንም የለኝም ብለህ ጻፍ፣ ማን ያይሃል አለኝ። እኔ ውሸት ላይ አልፈርምም። ለኢየሩስ ብዬ በስሟ ጥቂት አስቀምጫለሁ።»

«እንዳይዋሹ! ብዙ ፎርም ተመርጦ ከታክስ ወረቀት ጋር ይመሳከራል፤ የዋሸ ይጋለጣል። እንዳለ ይጻፉት። እውነት ለመናገር፣ በተማሪ ስም ያለ ገንዘብ በወላጅ ስም ካለው በርከት ተደርጎ ይታሰባል። ለታናናሾቿ ሲያስቀምጡ በራስዎ ስም ያድርጉት።»

ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ግን ለመፈረም እጃቸውን አላነሱም። የመስኮቱን መስተዋት ትኩር ብለው ያያሉ። ያን ጊዜ አማርኛ መናገር የሚያሳፍራት፣ ስንጠይቃት ሁልጊዜ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች የምትመልሰው ኢየሩስ እጃቸውን ይዛ በጠራ አማርኛ ተናገረች።

«አባዬ፣ ቤቱን ቢወስዱ እንኳ... እኔ ሌላ እሠራልሃለሁ። ኢንጂነሪንግ የምማረው ለሱ ነው።»

ጋሼ ማንደፍሮ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከዚያ፣ «እስክሪብቶ!» አሉ በሚያስደነግጥ ድምፅ። «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? እስክሪብቶ አምጡልኝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ጥድፊያ ነው። ፖስታ ቤቱ ቅዳሜ ቶሎ ይዘጋል። የካሊፎርኒያን የማይመለስ እርዳታ ለማግኘት ደግሞ ፖስታው ላይ የዛሬው ቀን ማኅተም ማረፍ አለበት። የዓመቱ ታክስ ገና ስላልተሠራ ነጃት ኢየሩስ ከፎርሙ ጋር ይዛው ከመጣችው የደመወዝ ማስረጃቸው እያሰላች፣ «ግምት ነው፣ በኋላ እናርመዋለን» እያለች ታስጽፋለች። ኢየሩስ ትጽፋለች፣ ጋሼ ማንደፍሮ የታናናሾቿን የልደት ዘመን እያምታቱ ይጠራሉ። የእኔ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ይዞራል፤ ማን አስታውሶት!

ፈረሙ። አራታችንም ዘለን መኪናዬ ውስጥ ገባን። ደርሰን ስናይ ሠራተኛዋ በሩን ልትቆልፍ ቁልፍ ይዛ ቆማለች። ጋሼ ማንደፍሮ በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃውን ሮጠው ወጥተው፣ «ልጄ! ኮሌጅ!» ከማለት በቀር ሌላ እንግሊዝኛ ጠፋባቸው። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አስገባቻቸው። ማኅተሙ ሲመታ ዓይናቸው እያየ፣ የላኩበትንም ደረሰኝ ተቀብለው ወጡ።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ማለዳ የቤቴ በር ተደበደበ። ጋሼ ማንደፍሮ የኮሌጁን መልስ እያውለበለቡ ቆመዋል። የካሊፎርኒያው እርዳታ የትምህርቱን ክፍያ ሸፍኖታል። የፌዴራሉ ለመጽሐፍና ለመኝታው ያግዛል። ኢየሩስ በቤተ መጻሕፍት እየሠራች ትጨምራለች። ለቤተሰቡ የቀረው በየወሩ ከደመወዝ ሊከፈል የሚችል ነው። ተቃቅፈን ጮህን፤ የፎቁ ጎረቤቴ ወለሉን እስኪደበድብ ድረስ።

ወላጆች ሆይ፣ ያቺ ፎርም ባትፈረም ኖሮ ጎበዝ ልጅ ትምህርቷን ትታ ለሥራ ትሰማራ ነበር። ኮሌጅ አቅማችሁን የሚጠይቀው ሊያሳፍራችሁ ሳይሆን ከአቅማችሁ በላይ እንዳያስከፍላችሁ ነው። ያልጠየቀ አያገኝም፤ ቀኑ ያለፈበትም እንደዚያው። በእውነት ሞልቶ በጊዜው የላከ ግን ታናናሾቹንም መንገድ ያስይዛቸዋል።

በነሐሴ ኢየሩስን ሳን ሆዜ ስናደርስ ከገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ፊት ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ሜክሲኮው፣ ቬትናሙ፣ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ሁሉም የየራሱን ልክ ይዞ። ጋሼ ማንደፍሮ ሙሉ ልብስ ከነከረባታቸው ለብሰው ተሰለፉ። ተራቸው ደርሶ ደረሰኛቸውን ይዘው ተመለሱ።

«ከፈልኩ ደምሴ» አሉኝ ክንዴን ጨብጠው። «ልጄን ኮሌጅ የማስተምርበትን፣ የራሴን ድርሻ ከፈልኩ!»