ጀልባ ቀዛፊው የሞተበት ገጽ

እንደምን ዋሉ ጋሼ? … አይነሱ፣ አይነሱ፣ እጅዎ ሙጫ ነው። እኔ እዚችው እቀመጣለሁ። ፋርማሲውን ዛሬ ቀደም ብዬ ዘጋሁት። ምን እየጠረዙ ነው? መዝገበ ቃላት? ጀርባው እኮ ጨርሶ ተገንጥሏል፤ ምን አድርገውት ነው፣ በር ሲያስደግፉበት ነው የኖሩት? ጉልበትዎስ? የሰጠሁዎትን ቅባት ይቀባሉ? … አይቀቡም። አውቄ ነው የጠየቅሁት።

ኧረ ክፍሉ! ተሳስቼ የሌላ ሰው ቤት የገባሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ያ ቁም ሳጥን ነው እንዲህ የሚያበራው? በሃያ ዓመት አንድም ቀን በሩ ገጥሞ ሲዘጋ አላየሁትም፤ አሁን ይዘጋል። የመምህሩ መጻሕፍት በተርታ ቆመዋል፣ ጀርባቸው ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ፣ ቁጥር ተጽፎበት … እጁ ይባረክ። ስም አልጠራም፣ ምን ያደርጋል? የሠራ ሰው በሥራው ይታወቃል አይደል?

ልጁ ወደኛ ጨዋታ ከመጣ አራት ወሩ ነው አይደል? አራት ወር! እኛ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ከበን፣ መምህሩ ሲተርክልን፣ እያንዳንዳችን ወረቀት ላይ የፈጠርነውን ሰው ይዘን፣ ቁጥር ያለበትን ዳይስ እየጣልን በሌለ አገር ስንዞር፣ የምንጫወትበት ደንብ የስንተኛው እትም እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? እሱ ግን በመጣ በሁለተኛው ቅዳሜ ጠየቀ። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው! መዝገብ ቤት መሥራት እኮ ሰውን ያስተካክለዋል። እዚያ ፋይል የሌለው ሰው የለም ማለት ነው፣ አይደል?

ነጭ ጓንት ያደርግ ነበር፣ አይተውታል? የደንቡን መጽሐፍ ሲነካ። እኔ መድኃኒት ስቆጥር እንኳን አላደርግም። የመጀመሪያው እትም ሦስት ስስ መጻሕፍት በሳጥን፣ ሁለተኛው ደረቅ ሽፋን ያለው፣ ሦስተኛው ታርሞ የወጣው ወፍራሙ … እያለ ሲያስረዳኝ አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት። የሚገርመው፣ አንዱንም ተጫውቶበት አያውቅም። ለየው፣ ቆጠረው፣ አጸዳው እንጂ። ሳይዋኙ የወንዙን ጥልቀት በሜትር መናገር፣ ይኼ ተሰጥኦ ካልሆነ ምንድነው?

ድምፄን ዝቅ ላድርግ? … ለምን ጋሼ? ከቁም ሳጥኑ ኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጫማውን አይቻለሁ። ይስማ እንጂ። እያመሰገንኩት አይደል እንዴ?

መምህሩ፣ ነፍሱን ይማረው፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረውም። ውጊያውን ከመጀመሪያው እትም ወሰደ፣ ጥንቆላውን ከሁለተኛው፣ ሕመምና ሞትን ከሦስተኛው። ምዕራፎቹን ገንጥሎ፣ ከእርስዎ ላይ የመጽሐፍ ክር ለምኖ፣ አንድ ላይ አሰራቸው። «የኛ እትም ይኼ ነው» አለን፣ አለቀ። እኛም ሞኞች ነበርንና አመንነው። አሁን ግን የተማረ ሰው መጣ፤ ክሩን ፈታው፣ እያንዳንዱን ምዕራፍ ወደ እናቱ መለሰው። ስንት ዓመት ተለያይተው የኖሩ ገጾች ተገናኙ! እኔማ ላለቅስ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ክሩን የት እንደጣለው ግን ያውቃሉ? … አይ፣ ዝም ብዬ ነው። ክር ምን ቁም ነገር አለው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ላጲሱ ነው። ለስላሳ ላጲስ፣ ወረቀት የማይጎዳ፣ ከቤቱ ይዞ የመጣው። በሦስተኛው እትም፣ የሞት ምዕራፍ ላይ፣ ከግርጌው በእርሳስ የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች። «ኑሮው ውሃ ላይ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሰጠመ ጊዜ አይሞትም፤ ወንዙ ራሱ ወደ ዳር ይመልሰዋል።» ይህችው ናት። እሱ እንዳያት ምን አደረገ? የመምህሩን ደብተሮች ሁሉ አውጥቶ አነጻጸረ። መምህሩ በሕይወቱ በቀይ እስክሪብቶ እንጂ በእርሳስ ጽፎ አያውቅም። እውነት ነው፤ ልጁ አልዋሸም። እናም መስመሯን ካርድ ላይ ገለበጣት፣ ከሥሯ «በእትሙ የሌለ፣ ጸሐፊው ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ ገጹን በላጲስ አጸዳው። ትንፋሹን እፍ አድርጎ ፍርፋሪዋን ሲያነሳት ቆሜ አየሁት።

ጸሐፊው ያልታወቀ … እንዴት ያለ ጨዋ አጻጻፍ ነው። ከኛ መሀል እርሳስ ጸጉሩ ውስጥ ሰክቶ የሚዞር ሰው እንዳለ ቀና ብሎ ቢያይ እኮ ያገኘው ነበር። ግን ሰው ምን ያደርጋል? ሰው ቁጥር አልተለጠፈበትም።

ከዚያማ ባለፈው ቅዳሜ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «በደንቡ መሠረት ጋሼ የፈጠሩት ጀልባ ቀዛፊ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ወረቀቱን ከሟቾቹ ማኅደር ላስገባው?» አለ። እርስዎም ሳቁ። «ደንብ ደንብ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉ። እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ፣ እሱ ባለው አልከፋኝም። እርስዎ በመሳቅዎ ከፋኝ።

ያን ቀን ያስታውሱታል? … አያስታውሱትም፤ እኔ ልንገርዎት። ባለቤትዎን እትዬን ከቀበርን ሁለት ሳምንት ሆኖ ነበር። ኑ ብለን ጎትተን አመጣንዎት፤ ጥቁር ሹራብ ለብሰው እዚያ ጥግ ተቀመጡ። ጀልባ ቀዛፊዎ ወንዙ መሀል ደረሰ፣ ባለ ሃያ ጎኑን ዳይስ ጣሉ፣ ከሁሉ የከፋው ቁጥር፣ አንድ ወጣ። ሰጠመ። እርስዎም ተነሱ፣ የዚህን ክፍል ቁልፍ ከኪስዎ አወጡ፣ «ከእንግዲህ ክፍሉን ለወረቀት ማስቀመጫ እፈልገዋለሁ፣ እናንተም ሌላ ቦታ ፈልጉ» አሉ። ፊትዎ እንዴት እንደነበር እኔ ነኝ ያየሁት። በሥራዬ እንዲህ ያለ ፊት አይቻለሁ። አንዳንዱ ሰው መድኃኒት ሲጠይቅ ስንት ፍሬ እንደምሰጠው አስቤ ነው የምሰጠው …

እና አንድ ሰው «ቆይ፣ ደንቡን ልየው» አለ። መጽሐፉን ወሰደ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ለመምህሩ ሰጠው። መምህሩ መነጽሩን አደረገ፣ ገጹን አየ፣ ያንን ሰው አየ፣ ደግሞ ገጹን አየ። ከዚያ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ሃያ ዓመት እንደሚያውቀው ነገር፣ አነበበው። «ወንዙ ራሱ ወደ ዳር ይመልሰዋል» አለ። እርስዎም ቁልፉን መልሰው ኪስዎ ከተቱ፣ ተቀመጡ። «ታዲያ እርጥብ ልብሴን ምን ላድርገው?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ሳቅን። መምህሩ የዚያን ቀን ነው ክሩን አንድ ዙር ጨምሮ ያጠበቀው።

እርሳሴን መልሼ ጸጉሬ ውስጥ ሰካሁት … ያ ሰው ሰካው ማለቴ ነው።

ይሁን፣ አለፈ። ዛሬ የቁም ሳጥኑን ቁልፍና የመምህሩን ወንበር ለሱ እንደሚሰጡ ሰማሁ። ይገባዋል! ከኛ ውስጥ የሦስቱን እትም ልዩነት የሚያውቅ ማን አለ? እኔ ወንበሩን እንደተመኘሁ የሚያወሩ አሉ፣ አይስሟቸው። እኔ ምን አውቄ? እትሙ የቱ እንደሆነ እንኳን ሳላይ መጽሐፍ ላይ የምጽፍ ሰው። ወንበሩ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይንገሩት። መምህሩ አንዱ እግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት ያደርግበት ነበር። እሱም ተጠርጎ እንደሁ እንጃ።

የጀልባ ቀዛፊውን ወረቀት ያስገባው፣ ይተወው፣ እሱን ከልጁ ጋር ይጨርሱ። እኔ ምንም አልልም። ብቻ ከሟቾቹ ጋር ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ይዩት፤ አሥራ አንድ ዓመት የኖረበት ነው፤ ጠርዙ ሁሉ በእጅዎ ተበልቷል።

እንግዲህ ልሂድ … አይ፣ አልቆይም፣ ዛሬ ወንበሩ የሱ ነው፣ ላላጣብብ። እዚያ ከኋላ ያለኸውም ወንድሜ፣ ደህና ሁን። እኔ የምመርቀው ከልቤ ነው፤ ጋሼ እርስዎም አሜን ይበሉ። ዕድሜውን ያርዝምለት። የሚለየው መጽሐፍ አይጣበት። ነገሩ ሁሉ እንደ ደንቡ ይሂድለት። የሰጠመ ቀን ደግሞ፣ ጠረጴዛውን የከበበው ሰው ሁሉ እንደሱ ደንብ አክባሪ ይሁንለት፤ አንዲት መስመር እንኳን የሚጨምርበት ሰው አይግጠመው።

… አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ።