ሁለት ሺህ ዜማ ይዛ አንዱን ያጣች ልጅ

በአቤማማ ደሴት ሳስተምር፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በዜማ ደራሲው በሽማግሌ ቴካያራ ደጃፍ ላይ ሮቲያን አገኘኋት። ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ወደ ዋና ከተማው ታራዋ ሄዳ ነርስ ሆናለች። እናቷ ቡዌናታ ሞታ በማግስቱ ልትቀበር ነው። አጽናንቻት ላልፍ ስል ሽማግሌው፣

«መምህር፣ ይቀመጡና ከዚህች ልጅ ይገላግሉኝ» አሉኝ።

ሮቲያ ስልኳን እንደያዘች፣ «አባባ፣ አጎቴ ባሕር ላይ ሲቀር ለእናቴ የደረሱላትን ዜማ ያዚሙልኝ፤ ልቅዳው። ነገ ላሰማላት ነው» አለች።

«ስልክሽ ዜማ አነሰው እንዴ?»

«ሁለት ሺህ አለው። ይሄ ግን የለውም።»

«እናትሽ እኮ ሁለት ወር የለፋችበትን ምንጣፍ ይዛልኝ መጣች። ሦስት ቀን እዚሁ ተቀምጣ ከአፌ ተማረችው። አንቺ በጣትሽ ነካ አድርገሽ ልትሄጂ!»

«ሰው ሁሉ በቀላሉ ቢያገኘው ምን ይጎዳል፣ አባባ?»

«ከደጅ ለማይጠፋ እንግዳ ማን ከመቀመጫው ይነሳል?»

ሮቲያ አቀረቀረች። «እውነትዎን ነው» አለች። «አምና እናቴ ራሷ ስታዜመው ቀድቼው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አልሰማሁትም። የት ይሄዳል፣ አለ አይደል እያልኩ… ያ ስልኬ ባሕር ገባብኝ። ድምጿም አብሮ ሄደ።» አለቀሰች።

እኔም በእጃችን ነው እያልን ሳንሰማው ያለፍነውን ሁሉ አስቤ አንገቴን ደፋሁ።

ሽማግሌው ስታለቅስ አይተው ወደ እሷ ተጠጉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው አዜሙላት። የመጀመሪያውን ክፍል አሳምረው ጨረሱ፤ ሁለተኛው ላይ ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እዚያው ቆሙ።

«ጠፋኝ» አሉ። «ስምንት ዓመት ሙሉ አዚምልን ያለኝ የለም።»

«ላስቀዳዎት ብዬ ስንቴ ለመንኩዎት?» አልኳቸው። «እሷ ቀዳች እንጂ አልተማረችም፤ እርስዎ ያውቁ ነበር፣ አላስቀዱም። ታዲያ ስልኩ ብቻውን ምን አጠፋ?»

«ኩራቴ ነው ያጠፋው» አሉ ሽማግሌው። «ቅጂው፣ ልጄ። ግን መጀመሪያ ተማሪው።»

በማግስቱ ሮቲያ በመንደሩ መሰብሰቢያ፣ በማኔአባው፣ ከእናቷ ሬሳ አጠገብ ቆማ በቃሏ አዜመች። ዜማውን በወጣትነታቸው የሰሙ ሴቶች ቀጣዩን ሲጠብቁ፣ እሷ ሽማግሌው የጠፋባቸው ቦታ ላይ አቆመች። እነሱም በቃላቸው አልያዙትምና ማንም አልሞላላትም።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው በየሳምንቱ ትምህርት ቤት እየመጡ ያስቀዱ ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ዜማውን የሚወስድ ልጅ አስቀድሞ በቃሉ ያዜምላቸዋል። ታራዋ ያሉ ልጆቻችን ዛሬ ዜማቸውን ከስልክ ያገኙታል፤ እዚህ ያሉት ደግሞ ሰው ሲሞት ስልክ አይፈልጉም። ቴካያራ አምና ያረፉት ሠላሳ አንድ ዜማ በልጆች አፍ ላይ ትተው ነው። የቡዌናታ ዜማ ግን ከነጉድለቱ ቀርቷል፤ ልጆቹም ጎዶሎ መሆኑን ሳያውቁ ያዜሙታል።