አባቴ «ድገም» ሲል

ያረፈ መምህር ተማሪውን ሲያርም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የዜማ መምህር የነበረው አባቴ፣ ከማረፉ በፊት ትምህርቱን በቤታችን ትልቁ ኮምፒውተር ላይ በድምፁ ቀድቶ ነበር። ወንድሜ አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ላሊበላ ሲመጣ «ይኼ ሣጥን ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ይሠራል?» ብሎ አሮጌውን ሊያስወጣው ተነሣ። የአባታችን ድምፅ ግን በላፕቶፑ አልከፈት አለ፤ ስለዚህ እንዲቆይ ለመንኩት።

በዚያው ሰሞን የአባቴ ተማሪ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ከገነተ ማርያም መጡ። «ልጄ፣ የነገውን ማኅሌት የምመራው እኔ ነኝ፤ አንዲት ዜማ ጠፋችብኝ። የሚያቃናኝ የኔታ ነበሩ፤ እሳቸውም የሉ» አሉኝ። እኔም የትኛዋ ዜማ እንደሆነች ጠይቄ አሮጌውን ኮምፒውተር አበራሁት።

«ይኼስ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው» ብለው ሳቁ። ወዲያው የአባቴ ድምፅ ያችኑ ዜማ አወጣና «ድገም» አለ። መሪጌታው ብድግ ብለው ነጠላቸውን አደገደጉ፤ አባቴ ለተማሪ ብሎ በተወው ዝምታ ውስጥም ደገሙ።

«አልሆነም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ» አለ አባቴ።

«እሺ፣ የኔታ» አሉ። በሁለተኛው ዜማዋ ተቃናችላቸው። ወንድሜ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከአሮጌው ፊት ለፊት አስቀምጦ መቅዳት ጀምሮ ነበር።

ዛሬ በላፕቶፑ የተቀዳውን ስንከፍት አባቴ ብቻውን አይደለም። «ድገም» ሲል የሚመልስለት አለ።