የአንድ ሰው ጩኸት አይባልም

ከኒሯቅ ወደ ሰቆጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ተቀምጠዋል። መምህሩ ለክፍል የሚያዘጋጀውን ቃል ለራሱ ይደጋግማል።

«አውትክራይ... አውትክራይ...»

«ምን ማለት ነው ልጄ?»

«ጩኸት ነው እናቴ። ሕዝብ በደል ሲበዛበት የሚያሰማው።»

«አንድ ሰው ብቻውን ቢጮህስ?»

«ለአንድ ሰው አይባልም። ብዙ ሆኖ ሲጮህ ነው።»

«እንግዲያው የእኔ አልነበረም። ጤና ጣቢያችን አዋላጅ ስለሌለው ልጄን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመን ወጣን። እሷን እግዚአብሔር አተረፈልኝ፤ ሕፃኑ ግን መንገድ ላይ ሞተብን። ሰቆጣ ጤና መምሪያ ሄጄ ብቻዬን ጮኽኩ።»

«ምን አሉዎት?»

«እናያለን፣ ይሂዱ አሉኝ።»



«ዛሬስ ብቻዎን ነው የሚሄዱት?»

«ከኋላችን ያለውን አይሱዙ አላየኸውም? የጫነው በሙሉ የአገራችንን ሴቶች ነው። እኔ ቦታ አጥቼ ነው እዚህ የገባሁት። አዋላጅ ሳይመደብልን አንመለስም።»

«አውትክራይ ማለት እሱ ነዋ እናቴ!»

«ስሙን አንተ ለተማሪዎችህ ንገራቸው። እኛ እሪ እንላለን።»

ሰቆጣ ስንደርስ ወደ ቤቴ መሄዱን ትቼ ሴቶቹን ከኋላ ተከተልኳቸው።