ኮምፒዩተሩ ያላወቀው ድምፅ

እናቴ ከመሞቷ በፊት በድምፅ ቀድታ የላከችልኝ ዱዓ ስልኬ ውስጥ ነበር። ስልኩ ሲበላሽ፣ እዚህ በስደት በምኖርበት ዐረብ አገር ዑድ ሰፈር ውስጥ ስልክ ለሚጠግነው ላገሬ ልጅ ለጀማል ሰጠሁት። ፋይሎቹን አወጣቸው፤ ግን ስማቸው ጠፍቶ ከስልኩ ከራሱ ድምፆች ጋር ተደባልቀዋል።

«አይዞህ ወንድሜ፣ ፋይልም እንደ ሰው አሻራ አለው። ከዚህ አገር ተባሮ ስሙን ቀይሮ የተመለሰውን ሰው የጀዋዛት ፖሊስ አየር ማረፊያ ላይ በአሻራው ይይዘው የለ? ከስልኩ ጋር ከፋብሪካ የመጡትን ድምፆችም ኮምፒዩተሩ በአሻራቸው ያውቃቸዋል» አለኝ።

«እናቴንስ?»

«እሷን ደግሞ ከየት ያውቃታል!» ብሎ ሳቀ።

የታወቁት ሁሉ ሲወገዱ ጥቂት ፋይሎች ቀሩ። አንዱን ሲከፍተው እናቴ «አላህ በሰላም ይመልስህ ልጄ» አለች። ጀማል ሳቁን ተወ። እኔም እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልኳት።