ድመቴ አያ ሞላ ቤት አትስልም
ድመትን አስም ይይዛታል ብትሉኝ ኖሮ እስቅባችሁ ነበር። ማራኪ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ድመቴ ሸጊት አንገቷን አስግጋ፣ ሆዷን መሬት አስነክታ ስትስል፣ አጥንት የተሰነቀረባት መስሎኝ አፏን ከፍቼ አየሁ፤ ምንም የለም። ጎረቤቴ አያ ሞላ በር ላይ ቆመው አዩዋትና፣ «ምነው ልጄ፣ ይኼማ የእኔው በሽታ ነው» አሉኝ። እሳቸው አስም አለባቸው። ግራ እየገባኝ በካርቶን አድርጌ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ደረቷን አዳምጦ፣ መርምሮ፣ «ሽማግሌው ልክ ናቸው» አለኝ። ወደ ውስጥ የሚሳበው መድኃኒት ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ኪኒን አዘዘላት። «ጭስ ግን ከቤትሽ ይውጣ» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

እኔ ደግሞ የምተኛውም በከሰል የማበስለውም እዚያችው ክፍል ነው። መላ እስካገኝ ሸጊትን አያ ሞላ ዘንድ አስቀመጥኳት፤ እሳቸው ቤት ጭስ ድርሽ አይልም። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ኪኒኗን እሰጣታለሁ። ሳሉ እየቀነሰላት መጣ። ምድጃዬን በረንዳ ላይ ማውጣት ስጀምር ልወስዳት ሄድኩ። አያ ሞላ ጭን ላይ ተኝታለች።

«አያ፣ ልውሰዳት?»

«ያንቺ አይደለችም እንዴ? ውሰጃት እንጂ» አሉኝ። እጃቸውን ግን ከጀርባዋ አላነሱም።

ኪኒኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ «በቀን ግማሽ ነው» ብዬ ሰጠኋቸውና ባዶ ካርቶኔን ይዤ ወጣሁ። አፌ ለምን እንደዚያ እንዳለ እስከ ዛሬ አልገባኝም።