ደረቁ ፈረንጅ

የሰፈራችንን የሲኒማ ሳምንት ያሰናዳነው እኔና ዳኘ ነበርን። አስመራ ድረስ ሄጄ ፊልሞቹን ያመጣሁት፣ ፒያሳ ያለውን አዳራሽ ለምኜ ያስፈቀድኩት እኔ ነኝ። ዳኘ ቁስቋም ቅኔ የተማረ ሰው ነው፤ ሥራው ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ መናገር ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን ያስጠናሁት እኔው ነኝ።

በመጀመሪያው ምሽት አስቴርን ከጎኔ አስቀመጥኳት። ፊልሙ ሲያልቅ «ላግባሽ» ልላት ቆርጬ ነበር። መጋረጃው ላይ ያለው ፈረንጅ ለፍቅረኛው አንድ ነገር ተናገረ። ዳኘ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ደጄን ዝጊው፤ ልቤ ግን አንቺ ከገባሽበት ወዲህ መዝጊያ የለውም» ብሎ ተረጎመው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ድገመው እንጂ የኔታ» አለ አንዱ ከኋላ። አስቴር በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «ውሸቱን ነው» አልኳት። «ሰውየው ያለው ‹በሩን ዝጊው፣ ይበርዳል› ነው።»

ዓይኗን ከዳኘ ላይ ሳትነቅል፣ «ምነው ፈረንጁ እንዲህ ደረቅ ሆነ?» አለችኝ። «እሱንስ ማን ያገባዋል?»

«ላግባሽ» ማለቱን ትቼ ከሰው ጋር አጨበጨብኩ።